ከገጽ ስልሳ አንድ እስከ ስልሳ አራት

በሰበታ ከተማ አንድ መጽሐፍ ለሠላሳ ልጅ ማዳረስ የቻልኩት እኔ ነኝ። ጉራ የሚመስለው ሰው ካለ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይችላል። ዲግሪ ያላቸው መምህራን ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀመጡትን የልጆች መጽሐፍ፣ አንድም ቀን ክፍል ገብቼ ያልተማርኩት እኔ አውጥቼ በልጆች አፍ እንዲነገር አድርጌያለሁ። ዘዴውንም ማንም አላሳየኝም። ይህን የምጽፈው ግን ዘዴዬን ለማውራት ብቻ አይደለም። በዚያው ዘዴ ምክንያት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ላይ ስላደረግሁት ነገር፣ ከዚያም እሷን ለፈተናዋ ለማድረስ ስሮጥ እንዴት እጄም አፌም እንደታሰረ ለመጻፍ ነው።

ማንበብ የተማርኩት በወጣትነቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ማተሚያ ቤት ዘበኛ ሳለሁ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። የሱቆቹን ስም ከሰው አፍ አውቃለሁ፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተጻፈው «ዳቦ ቤት» መሆኑ አያጠራጥርም። ከዚያ ዳ የትኛዋ፣ ቦ የትኛዋ እንደሆነች ለይቼ ያዝኩ። ከዳቦ ቤት ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደ ልብስ ሰፊ እየተሻገርኩ በአንድ ክረምት ፊደሉን ጨረስኩት። ማሽኑ ያበላሸው ወረቀት በጆንያ እየተሞላ ሲወጣ ባለሱቆች ለስኳርና ለበርበሬ መጠቅለያ ይወስዱታል፤ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት እኔ የምፈልገውን መርጬ አስቀር ነበር። በዚያ መንገድ ያነበብኩት ታሪክ ሁሉ መካከሉ ብቻ ነው። እንዴት እንደጀመረ አላውቅ፣ እንዴት እንዳለቀ አላውቅ፤ የጎደለውን ራሴ እሞላዋለሁ። ጭንቅላቴን የሳለው ይህ ነው ብዬ አምን ነበር። በኋላም በመስኮት እያየሁ የመጽሐፍ ጥረዛ ተማርኩ። ዘበኝነቱን ትቼ ጥረዛ ክፍል ገባሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው።

ሰበታ ቤቴ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ወጣት የአማርኛ መምህርት የተገነጣጠሉ የመማሪያ መጻሕፍት በማዳበሪያ ከረጢት አስይዛ መጣች። ጥረዛ የሚያውቅ ሽማግሌ አለ ብለዋት ነው። ሰፍቼ፣ ኮላ ቀብቼ፣ በሳምንቱ ራሴ ትምህርት ቤቱ ድረስ ወሰድኩላት። ለማስቀመጥ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አዳዲስ መጻሕፍት አየሁ፤ ጀርባቸው እንኳ አልተሰበረም።

«እነዚህስ?» አልኳት።

«የልጆች ልብ ወለድ ናቸው። በስጦታ የመጡ።»

«እና ለምን ተቆለፈባቸው?»

«አንድ አንድ ብቻ ናቸው አባባ። ለአንዱ ስሰጥ ሌላው ያኮርፋል፤ ከጠፋ ደግሞ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

አልፎ አልፎ ራሷ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ስትጨርስ እንደ ደንቡ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» ትላለች። እጅ ይወጣል። አንዱ «ታዛዥነትን» ይላል፣ ሌላው «ጉብዝናን» ይላል፣ ሦስተኛው «ታዛዥነትንና ጉብዝናን» ይላል። «ሳላነብላቸውም ቢሆን የሚመልሱት ይህንኑ ነው» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ ግን የደከመው ሰው ሳቅ ነበር።

ለዚህ ነው ምላጬን ይዤ የተመለስኩት። ከመደርደሪያው አንድ መቶ ሃያ ገጽ ያለው መጽሐፍ መረጥኩ፤ ሐይቅ ዳር የምትኖር አንዲት ልጅ፣ ማዶ ደሴት ላይ የቀረ ወንድሟን ለማምጣት በአባቷ ታንኳ ብቻዋን ስለመሻገሯ የሚተርክ ነው። መምህርቷ ፊት ሽፋኑን ላጥኩ፣ ክሩን በጠስኩ፣ እጥፋቱን ቆረጥኩ።

«አባባ! የመንግሥት ንብረት እኮ ነው!» ብላ ራሷን ያዘች።

«የቆረጥኩትን እኔው እሰፋዋለሁ። ሰፍቼ ሲያበቃ ከፋብሪካው የተሻለ ይሆናል።»

የንባብ ሰዓት የሚመጡት ተማሪዎች ሠላሳ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቅጠል፣ ማለት አራት አራት ገጽ ደረሳቸው። ቤታቸው ወስደው፣ ሳያዩ መናገር እስኪችሉ ያነቡታል። በሁለተኛው ሐሙስ በገጽ ቅደም ተከተል ቆመው አንዱ ካቆመበት ሌላው እየቀጠለ መጽሐፉን በአፋቸው ይናገሩታል። አንድ ጥብቅ ሕግ አወጣሁ፤ የሌላውን ገጽ ማየት ክልክል ነው። ካዩ አይደማመጡም። ይህን ያለ ማንም ምክር ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከገጽ ስልሳ አንድ እስከ ስልሳ አራት የደረሳት ልጅ መስኮት ጥግ የምትቀመጥ ናት። ቤተሰቧ ለግንባታ ሥራ ከደቡብ የመጣ ነው። እሁድ እሁድ ቸርች ትዘምራለች ይላሉ፣ ክፍል ውስጥ ግን ድምጿ አይሰማም። ወረቀቱን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። የመጀመሪያውን መስመር እዚያው ቆማ አነበበች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ከትረካው ሐሙስ በፊት በነበረው ሰኞ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ጠበቀችኝ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«መጨረሻውን ይነግሩኛል? ወንድሟን አገኘችው?»

እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ዘዴዬ ሠራ ማለት ነው፤ ልጅቷ ጓጉታለች። «ሐሙስ ከጓደኞችሽ አፍ ትሰሚያለሽ» አልኳት።

«ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ? ለማንም አልናገርም።»

«ሕግ ሕግ ነው። ሦስት ቀን መታገሥ ያቅትሻል?»

«እሺ» ብላ አንገቷን ደፍታ ሄደች። እኔም ለመምህርቷ ደወልኩና «አየሽ፣ በር ድረስ መጥተው መጨረሻውን ይንገሩን ማለት ጀመሩ» ብዬ ፎከርኩባት።

ሐሙስ ደረሰ። ሠላሳ ወንበር በረድፍ አስቀመጥን። አንደኛው ጀመረ፣ ሁለተኛው ቀጠለ። አንዳንዱ ይንተባተባል፣ አንዳንዱ ከገጹ ላይ የሌለ ነገር ይጨምራል፤ ቃሉ በአማርኛ ሲጠፋበት በኦሮምኛ የሚሞላም አለ፤ ሌላው ይስቃል፣ ግን ይሰማል። አሥራ አምስተኛው ልጅ ታንኳዋን ሐይቁ መካከል አድርሶ፣ ነፋስ ሲነሳ አቆመ። አሥራ ስድስተኛው ወንበር ባዶ ነው። አሥራ ሰባተኛዋ ግራ ገብቷት ቆመችና የራሷን ገጽ ጀመረች፤ የታንኳዋ ልጅ የደሴቱ ዳርቻ አሸዋ ላይ ተኝታ ትነቃለች፣ መቅዘፊያ የላትም፣ መዳፏም ተልጧል።

«ቆይ ቆይ» አለ ከኋላ የተቀመጠው ቀልደኛ። «ይቺ ልጅ እኮ ሰጥማለች።»

«ከሰጠመች እኔ ገጽ ላይ ማን ነው የሚያወራው? መንፈሷ ነው?» አለችው አሥራ ሰባተኛዋ።

«ያንቺ ገጽ ሕልም ነዋ!»

«ሙድ አትያዝ!»

«እሺ መቅዘፊያው የት ሄደ? የእኔ ገጽ ላይ እኮ ይዛለች» አለ አሥራ አምስተኛው።

«ለሰው ሰጥታዋለች።»

«ሐይቅ መሃል ለማን?»

«ለሚሰምጥ ሰው» አለች አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ መናገር ጀመረ። አንዱ፣ ለሚሰምጥ ሰው መቅዘፊያ የሚሰጥ ሞኝ ነው አለ። ሌላው፣ ያንን ሰው ትቶ የሚያልፍ ሰው ወንድሙን ቢያገኝ ምን ያደርግለታል አለ። ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። መምህርቷ በስንት ዓመቷ ያላሰበችውን መልስ ከተማሪ አፍ ሰማች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ ግን ባዶውን ወንበር እያየሁ ተናድጄ ነበር። ታሪኬን የቀዳደደችብኝ መሰለኝ። ልጆቹ ወጥተው ሲያበቁ፣ «ያቺ ልጅ የት ገባች?» አልኩ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ አልመጣችም» አለችኝ መምህርቷ። «ጎረቤቷን ጠይቄ ነበር፤ ቤቱን ለቀዋል አሉኝ። አባባ፣ ይቺ ልጅ እኮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተመዝግባለች። ፎቶ ሰጥታ፣ ፈርማ። ካልተፈተነች አበቃላት።»

ያን ጊዜ ነው የሰኞው ጥያቄ የገባኝ። ሐሙስ እንደማትኖር ታውቅ ነበር። ሦስት ቀን ታገሺ ስላት፣ ሦስተኛው ቀን እንደሌላት አውቃ ነው «እሺ» ያለችኝ። ለመምህርቷ ይህን አልነገርኳትም። «እኔ አመጣታለሁ» አልኳት። በማግስቱ ለልጆቹም ነገርኳቸው። እኔ አመጣታለሁ ካልኩ አመጣታለሁ፤ ሰው ማሳመን የማውቅ ሰው ነኝ። የእድሩን አስቸጋሪ ሰዎች ሁሉ ያስታረቅሁት እኔ ነኝ።

ቤተሰቡ የነበረበት ግቢ አከራይ ሴትዮ ቡራዩ መሄዳቸውን ነገረችኝ፤ አባትየው ሥራ የያዘው እዚያ ነው። ከሰበታ ቡራዩ በአሞራ መንገድ ቅርብ ነው፤ በታክሲ ግን አዲስ አበባን አቋርጦ አስኮ ላይ እንደገና ተሰልፎ ነው። ስሄድ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ራሴ፣ ከመጠቅለያ ወረቀት ተነስቼ የት እንደደረስኩ። ሦስት ክፍል ያለው ጥሩ ንግግር ነበር።

እናትየዋን ያገኘኋት ከአንድ ድንጋይ መፍለጫ በታች፣ አንድ በጅምር ያለ ፎቅ ሥር ለሠራተኞች ድንች ቀቅላ ስትሸጥ ነው። ከመምህርቷ ዘንድ መምጣቴን ስነግራት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች፤ ደንግጣ ነበር።

«ምነው አባቴ፣ ልጄ አጠፋች እንዴ?»

«አላጠፋችም። ፈተና አለባት። የት ናት?»

«ሱሉልታ ሰው ቤት ናት።» ድንቹን ለአንዲት ጎረቤቷ አደራ ብላ፣ «ይግቡና ይዩ» አለችኝ።

ከፎቁ ጀርባ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ባሏ ፍራሽ ላይ ተዘርግቷል። ቤተሰቡ ከሰበታ ከመምጣቱ በፊት ከእንጨት መወጣጫው ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎድቷል። ለመነሳት ሞከረ፤ አልቻለም። በአንገቱ ብቻ ሰላም አለኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች እግሩ ሥር ተቀምጠው አዩኝ። ክፍሉ ውስጥ የምቀመጥበት ቦታ ስላልነበረ ቆሜ ቀረሁ።

የንግግሬን የመጀመሪያ ክፍል ጀመርኩ። «ትምህርት ማለት...» አልኩና ሰውየው ዓይን ላይ ዓይኔ አረፈ። ሳይቆጣ፣ በአክብሮት እየሰማኝ ነው። ቀጥዬ ምን እንደምል ጠፋኝ። ይህ ነገር በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም።

«እኔም እንድትማር ነው የምፈልገው» አለች እናትየዋ። «ሰኞ ማታ ሻንጣዋን ሳዘጋጅ አላለቀሰችም። ወረቀት ብቻ ደብቃ ከልብሷ መካከል ስታስገባ አይቻታለሁ። አንቱ ይሂዱና ሴትዮዋን ይጠይቁልኝ። ሴትዮዋ ለፈተናው ከለቀቀቻት እኔ ደስታዬ ነው።»

ሱሉልታ የሄድኩት በሳምንቱ ነው። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዤ ተራራውን ስወጣ ብርዱ ጉልበቴን ያዘው። የተባለው ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የሣር ሜዳ ፊት ለፊት ያለ፣ ትልቅ የብረት በር ያለው ነው። ዘበኛው በዕድሜ እኩያዬ ነው። «አከም ቡልተን» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም ስለው ፊቱ በራ። ከየት እንደመጣሁ ነገርኩት። «ኦቦ መምህር፣ እዚሁ ይጠብቁ» ብሎ ገባ። መምህር ሲለኝ አላረምኩትም።

ሕፃን አዝላ ወጣች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያደገች መሰለኝ፤ ወይም ሻሹ ይሆናል። ስታየኝ መጀመሪያ ያለችው «ይቅርታ አባባ፣ ክፍሉን አጎደልኩባቸው» ነው። ሮጣ ተመልሳ ገባችና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አምጥታ ሰጠችኝ። ሁለቱ ቅጠሎች ናቸው። አንድ እጥፋት እንኳ አልነበረባቸውም።

«አንብበሻቸዋል?»

«በቃሌ ነው።» ሕፃኑን በጀርባዋ እያወዛወዘች፣ በሩ ላይ ቆማ ተናገረችው። ከገጹ አንድም ቃል አልሳተችም። ነፋሱ ታንኳዋን ያዞራታል። መቅዘፊያው ከእጇ ያመልጣል። ትጮኻለች፤ የሚሰማት የለም። ከዚያ በሆዷ ትተኛና ሁለት እጇን ውኃው ውስጥ ነክራ በመዳፏ መቅዘፍ ትጀምራለች።

«ከዚያስ?» አልኳት፣ ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት።

«ከዚያ የእኔ ገጽ አለቀ።»

የቀሩት ሃያ ዘጠኝ ልጆች መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ሰምተዋል። ይቺ ልጅ ከመላው መጽሐፍ ያላት ሰው የማይሰማው ጩኸትና የሚላጥ መዳፍ ብቻ ነው። ያን ቆርጬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። መካከሉ ለእኔ በቅቶኝ ነበርና ለእሷም ይበቃታል ብዬ ነው።

«ደረሰች?» አለችኝ።

«ደረሰች።»

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ለቀቅ ሲል አየሁ። «ወንድሟንስ አገኘችው?»

እዚህ ላይ አዎ ወይም አላገኘችውም ማለት ይበቃ ነበር። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን መተረክ የምወድ ሰው ነኝ፤ መጨረሻውን እንዲሁ በደረቁ መናገር ለታሪኩ ክብር የሚቀንስ መሰለኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አባትየው ታንኳውን ከሐይቁ ዳር ደንገል ቆርጦ እንዴት እንደሠራው፣ የሐይቁ ውኃ ጠዋት ምን እንደሚመስል፣ ወንድምየው በምን ምክንያት ደሴቱ ላይ እንደቀረ። ጥሩ አድርጌ ነበር የምተርከው። ዘበኛው እንኳ ወንበሩን አስጠግቶ መስማት ጀመረ። ገና ታንኳዋ ከዳር ሳትነሳ ከውስጥ ተጠራች።

«አቤት!» አለችና እኔን አየችኝ። ሁለተኛ ተጠራች። «አባባ፣ መጣሁ» ብላ ሮጠች።

የወጣችው ግን የቤቱ እመቤት ናት። ደግ ፊት ያላት ሴት ናት፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ይግቡ አለችኝ፤ አልገባም አልኩ። ስለ ፈተናው ነገርኳት።

«ለሁለት ቀን ብቻ ነው እህቴ። ሁለት ቀን ልቀቂያት።»

«አባቴ፣ እኔ ጠዋት ሱቅ እከፍታለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሕፃኑን ማን ይይዝልኛል? አንቱ ይይዙልኛል?»

«እይዛለሁ» አልኩ።

ከልቤ ነበር። እሷ ግን ሳቀች፤ ዘበኛውም ሳቀ። ጢሜን ነው መሰለኝ ያዩት። «ፈተናው ሲደርስ እናቷ ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ፤ እኔ አልከለክልም» አለችኝ ስታበቃ። «ከመስከረም ደግሞ የማታ ትምህርት አስመዘግባታለሁ። እንደ ልጄ ነው የማያት።»

እናትየዋ ሴትዮዋ ትፍቀድ አለች። ሴትዮዋ እናትየዋ ትምጣ አለች። ሁለቱም እምቢ አላሉኝም። እምቢ የሚለኝ ሰው ባገኝ እከራከረው ነበር፤ በክርክር ማንም አሸንፎኝ አያውቅም። እሺ ከሚል ሰው ጋር ግን ምን ይደረጋል? ታክሲው ውስጥ ሁለቱን ቅጠሎች ጭኔ ላይ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ወረድኩ። ረዳቱ ሦስት ጊዜ «ፋዘር፣ ሒሳብ» ብሎኝ አልሰማሁትም።

ለእናትየዋ ስልክ ደወልን፤ ተዘግቷል። መምህርቷ ለርዕሰ መምህሩ ነገረችው። እሱም ዝርዝሩን አውጥቶ፣ ከእሷ ሌላ ያቋረጡ ስድስት ልጆች ስም አሳያትና «የትኛዋን ነው የምትይኝ?» አላት።

እኔ የማውቀው ሥራ ጥረዛ ነውና ወደዚያ ዞርኩ። የሠላሳውን ልጅ ወረቀት ሰበሰብኩ። አንዳንዱ ወጥ ነክቶታል፣ አንዱ ላይ ጢም ያለው ፀሐይ ተስሎበታል። የተቆረጠውን በቀጭን ወረቀት አያይዤ፣ በድርብ ክር ሰፍቼ፣ ጀርባውን በጨርቅ ለበጥኩ። ለሃያ ሰባት ዓመት ስጠርዝ እንደዚያ ያለ ሥራ ከእጄ አልወጣም፤ ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ዝርግ ብሎ ይተኛል። መምህርቷ ሌላ መጽሐፍ እንድንቆርጥ ስትጠይቀኝ እምቢ አልኳት። «ይልቅ አንቺ ሙሉውን አንብቢላቸው፣ ክርክሩን ለእነሱ ተዪላቸው» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው መጽሐፉን ይዤ ሱሉልታ ወጣሁ። በዚህ ጊዜ ንግግር አላዘጋጀሁም። መጽሐፉን እሰጣታለሁ፣ ወንድሟን አግኝታዋለች እላታለሁ፣ ቢቻል ይዣት እመለሳለሁ።

«ሄዳለች ኦቦ መምህር» አለኝ ዘበኛው። «ቅዳሜ እናቷ መጥታ ወሰደቻት።»

እናትየዋ ለፈተናው ነው የወሰደቻት! ከዚያው ተነስቼ፣ ምሳ ሳልበላ፣ ቡራዩ ደረስኩ። ቆርቆሮ ቤቱ ተቆልፏል። ከፎቁ ሥር ድንች የምትቀቅለው ሌላ ሴት ናት፤ ያቺው አደራ የተቀበለችው ጎረቤት።

«በሽተኛውን ይዘው ሄዱ አባባ።»

«ወዴት?»

«ወደ አገራቸው ነው ያሉኝ መሰለኝ።»

አጠገቧ ቆሞ የሚበላ አንድ የቀን ሠራተኛ ደግሞ «ኧረ ዱከም ነው። እናትየዋ ፋብሪካ አግኝታለች ሲባል ሰምቻለሁ» አለ።

«አንተ ደግሞ ከየት ሰማህ?»

«ራሷ አይደለች እንዴ የነገረችኝ?»

እዚያው ይከራከሩ ጀመር። ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ። መጽሐፉን በብብቴ ይዤ መካከላቸው ቆሜ ቀረሁ። ዱከም ስንት ፋብሪካ አለ? ደቡብስ ስንት አገር ነው? የቤተሰቡን መንደር ስም እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ስለ ራሴ ለመናገር ነበር የመጣሁትና።

መምህራን በራሳቸው ተማሪ ላይ ፈታኝ መሆን ስለማይፈቀድላቸው የእኛዋ መምህርት ለፈተናው ወደ ተጂ ከተማ ተመደበች። ከመሄዷ በፊት ቤቴ መጥታ አንድ ካርድ ሰጠችኝ። የልጅቷ የመፈተኛ ካርድ ነው። ፎቶው ላይ ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ነው የተነሳችው። «ከአገሯም ቢሆን፣ ከዱከምም ቢሆን፣ ቀኑን ታውቀዋለች» አለችኝ። «ከመጣች ያለዚህ አያስገቧትም። የትምህርት ቤታችን በር ላይ ይቁሙልኝ አባባ።»

ሳይነጋጋ ሄጄ ቆምኩ። ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን አጥበው፣ እርሳሳቸውን ሁለት ሁለት አድርገው እየተንጋጉ መጡ። ቀልደኛው ልጅ እንኳ ዛሬ አልቀለደም። «አመጧት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ትመጣለች» አልኩት። ቀጭኗ ልጅ አጠገቤ ትንሽ ቆማ መንገዱን አብራኝ አየችና ገባች። ከአለምገና በኩል የሚመጣ ታክሲ ሁሉ ሲቆም ወራጁን እቆጥራለሁ። አንዲት ልጅ ሻሽ አድርጋ ስትሮጥ አየሁና ካርዱን ወደ ላይ አነሳሁ። ዘንቢል የያዘች፣ ወደ ገበያ የምትሄድ ሌላ ልጅ ናት።

ደወሉ ተደወለ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የበሩን አንዱን ክንፍ ዘጋና ሁለተኛውን ይዞ እኔን አየኝ።

«ትንሽ» አልኩት።

ትንሽ ቆየልኝ። ከዚያ ዘጋው።

መምህርቷ ከሰዓት በኋላ ከተጂ ደወለች። «መጣች?» አለችኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ጥያቄ አሥር መልስ የምሰጥ ሰው ነኝ። አልመጣችም አልኳት።

የመጀመሪያውን ቀን የቀረ ተማሪ በሁለተኛው ቀን ቢመጣም እንደማይገባ ዘበኛው ነግሮኛል። በማግስቱም ካርዱን ይዤ ሄጄ ቆምኩ።